ፈተናዬ እስኪያልቅ ድረስ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለገና እትም «ስለማያልቀው የእግዚአብሔር ፍቅር አንድ ነገር ጻፊልን» ብለው ሲጠይቁኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ ሳልሰጣቸው ቆየሁ። የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም። በዚህ ርዕስ ላይ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ጽፌ አውቃለሁ፤ በፈተና ወረቀት ላይ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ። ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። ያንን ወረቀት ሳላነሳ ስለ ርዕሱ መጻፍ አልችልም። ስለ ወረቀቱ ለማውራት ደግሞ የማኅበራችን ነባር አባላት በሙሉ የሚያውቁትን፣ ዘንድሮ የገባችሁት ግን የማታውቁትን ታሪክ መንገር ሊኖርብኝ ነው። ነባሮቹ ታገሡኝ። ታሪኩን ከእኔ ቀድማችሁ ያወቃችሁት እናንተ ናችሁና።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። አባዬ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰፈሩ በሙሉ «መምህር» እያለ ነበር የሚጠራው። የደብረ ብርሃንን የማለዳ ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እሱ ግን በዚያ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ስለሚደገም ቅዳሜ የመጨረሻዎቹ መዝሙራት ተራ ነው። ከእነሱ መካከል 135ኛው አለ። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ እኔና ወንድሜ አልጋ ውስጥ ሆነን እንሰማለን፤ አንሰማም ማለትም አይቻልም ነበር፣ ቤቱ ጠባብ ነው።

መዝሙሩ 26 ቁጥሮች አሉት። ሃያ ስድስቱም የሚዘጉት በአንድ ዓይነት ሐረግ ነው፤ ምሕረቱ ለዘለዓለም መሆኑን በሚናገር ሐረግ። አባዬ የቁጥሩን የመጀመሪያ ግማሽ ያነባል፣ እኛ ከብርድ ልብሳችን ስር ሐረጉን እንመልሳለን። እየቆየ ፍጥነቱን ይጨምራል። ሴዎን የአሞራውያን ንጉሥና ዐግ የባሳን ንጉሥ ጋ ሲደርስ ምላሳችን ተሳስሮ በሳቅ እንፈርሳለን። እማዬ ከጓዳ «ጸሎት ነው ወይስ ጨዋታ?» ትላለች። አባዬ ሳያቋርጥ ይቀጥላል።

አንድ ቅዳሜ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ይመስለኛል፣ አስቆምኩት። የግብፅ በኩር ልጆች የተመቱበት ቁጥር ላይ ነበርን። እኛም እንደ ልማዳችን ስለ ምሕረቱ መለስን። «አባዬ፣ የእነዚያ ልጆች እናቶችስ ምን ብለው ነው የሚመልሱት?» አልኩት። ወንድሜ ሳቀ። አባዬ ግን አልሳቀም። ጣቱን ቁጥሩ ላይ እንዳደረገ ቆየና ለተማሪዎቹ በፈተና ቀን የሚሰጠውን ምክር ሰጠኝ። «ይቺን ጥያቄ አታጥፊያት። ዳር ላይ ምልክት አድርጊባትና እለፊ፤ ኋላ ትመለሽባታለሽ።» ከዚያም ቀጠለ።

አሁን ወደ ሜሪላንድ ልውሰዳችሁ። የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ሳለሁ ከክፍሌ ውጭ አንድ ኮርስ መውሰድ ነበረብኝና የብሉይ ኪዳን መግቢያ የሚባለውን መረጥኩ። እንቅጩን ልንገራችሁ፣ የመረጥኩት ቀላል መስሎኝ ነው። ዳዊት እየሰማች ያደገች ልጅ ምን ሊከብዳት? በመጀመሪያው ወር 135ኛውን መዝሙር በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ስፈልግ ሌላ መዝሙር ወጣልኝ። ለካ የእነሱ ቁጥር በዕብራይስጡ ነው የሚሄደው፤ የእኛ ዳዊት ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ከግሪኩ ስለሆነ በአብዛኛው አንድ ቁጥር ይቀድማል። የአባዬ 135 የእነሱ 136 ነው። ይህንን በስልክ ስነግረው በጣም ደስ አለው። «በአንድ መሳሳት ትልቅ ስሕተት አይደለም» አለኝ፣ ሒሳብ መምህር አይደል።

በዚያ መዝሙር ሃያ ስድስት ጊዜ የሚመላለሰው የዕብራይስጥ ቃል «ሔሴድ» ይባላል። ፕሮፌሰሩ በዚህ አንድ ቃል ላይ ሙሉ ሳምንት ፈጀ። የግሪክ ተርጓሚዎች ብዙውን ጊዜ «ኤሌዎስ» አሉት፣ የእኛም ሊቃውንት «ምሕረት»። እንግሊዞቹ ግን አንድ ቃል አልበቃቸውም። ማይልስ ካቨርዴል በ1535 ፍቅርንና ቸርነትን አጣብቆ አዲስ ቃል ሠራለት፤ በ1952 የወጣው ትርጉም «ጽኑ ፍቅር» ይለዋል፤ ሌሎች «የማይከዳ ፍቅር» ይላሉ። ሁሉም ሊይዙት የሞከሩት ነገር ይህ ነው፦ ሔሴድ እንዲያው የሚሰማ ስሜት አይደለም። ቃል የገባ ሰው፣ ቃሉን የማፍረስ ምክንያት ቢያገኝም እንኳ የማያፈርሰው ዓይነት ታማኝነት ነው። እጄን አውጥቼ በአገራችን «ኪዳነ ምሕረት» የሚባል በዓል እንዳለና ኪዳንና ምሕረት በአንድ ስም እንደሚጠሩ ተናገርኩ። ፕሮፌሰሩ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ያን ቀን እንዴት እንደ ኮራሁ!

የታኅሣሥ ፈተና ደረሰ። እዚህ ያለን ሁላችን የምናውቀው ሳምንት ነው፤ ማብራራት አያስፈልገውም። እሑድ ቤት ስደውል አባዬ አልተገኘም። ወንድሜ «ተኝቷል» አለኝ። እማዬ ስታናግረኝ ድምፅዋ ተዘግቷል። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ጉንፋን ነው የኔ ልጅ፣ የታኅሣሥ ብርድ» አለችኝ። ማር በሎሚ እንድትጠጣ መከርኳት። ባዮሎጂ ተማሪ ነኝና ስለ ቫይረስም ትንሽ አስረዳኋት። «እሺ፣ አንቺ ብቻ ፈተናሽን በርትተሽ ሥሪ» አለች። ማክሰኞ ስደውል ኔትወርክ የለም ተባልኩ።

ማክሰኞ ማታ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አስጠናችኝ። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በዓመት ቢያንስ ሁለቴ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን። ያን ሌሊት ግን ክርክር አልነበረም። በትንንሽ ካርዶች ላይ የጻፍኳቸውን ቃላት እያነሳች ትጠይቀኛለች፣ እኔ ትርጉማቸውን እናገራለሁ። «ሔሴድ» የሚለው ካርድ ሁለት ጊዜ ወጣ። ሁለቱንም ጊዜ መልሴን ሳልጨርስ «መጣሁ» ብላ ወደ መታጠቢያ ክፍል ሄደች፤ ውኃው ሲፈስ ይሰማኛል። የበላችው አልተስማማትም ይሆናል አልኩ።

ረቡዕ ተፈተንኩ። የመጨረሻው ጥያቄ በሩት መጽሐፍና በመዝሙሩ ተመርኩዘን ሔሴድን እንድናብራራ የሚጠይቅ ነበር። እንደ ውኃ ፈሰስኩ። አራት ገጽ ሞላሁ። ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱን አሁንም በቃሌ አስታውሰዋለሁ፤ ሔሴድ የሚወዳቸውን ከጉዳት የሚጠብቅ ፍቅር ነው የሚል ነበር።

አባዬ ያረፈው ከዚያ ስምንት ቀን በፊት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ ልቡን ይዞት ወደቀ፤ ቤት ሳይደርስ አለፈ። እኔ ስለማያልቅ ፍቅር አራት ገጽ ስሞላ ቀብሩ አልፎ፣ ሠልስቱ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ ነበር።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ሰሜን ካሮላይና የምትኖረው የእማዬ የአክስት ልጅ ጥቁር ለብሳ ቆማለች፤ ከኋላዋ ደረጃውን የሞሉ የማኅበራችን ልጆች። አንዳንዶቹ ነጠላ አዘቅዝቀዋል። ማንም ምንም አላለም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አገር ቤት እያለሁ አይቻለሁና ቃል አላስፈለገኝም። የጠየቅኩት «ማንኛቸው?» ብዬ ብቻ ነው።

ከዚያ ያለውን ብዙ አላስታውስም። ስለዚህ እዘለዋለሁ።

ወር ቆይቶ ጓደኛዬን የግድ ብያት የቴሌግራሙን ግሩፕ አሳየችኝ። እኔ የሌለሁበት ግሩፕ ከፍተው ነበር፤ ስሙ «ቅዳሜ ጠዋት» ይላል። ሠላሳ አራት ሰው አለበት። የመጨረሻ ፈተናዬ ዓርብ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ይጠያየቃሉ። ነጠላ ያለው፣ ጀበና ያለው፣ ትልቅ ድስት ያለው ይዘረዘራል። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ሁሉም ነገር የጾም እንዲሆን አንዷ ታስጠነቅቃለች። አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ ንፍሮውን እኔ እቀቅላለሁ ይላል፤ ከዚያ ሌሊት በሰባት ሰዓት «ስንዴው ከመቀቀሉ በፊት ይዘፈዘፋል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። (አልዘፈዘፈውም። ንፍሮው ጥርስ የሚሰብር ነበር፤ ሁላችንም በላነው።) አክስቴን ያመጣት ልጅ ሙስሊም ነው። ዓርብ የራሱን ፈተና ጨርሶ፣ ሌሊቱን በሙሉ ደርሶ መልስ አሥር ሰዓት ነድቶ ነው ያመጣት። ግሩፑ ላይ የጻፈው አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ «መኪና አለኝ።»

ይህንን ሁሉ ሳይ አመሰገንኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላመሰገንኩም። ተናደድኩ። ወንድሜን ለሦስት ሳምንት አላናገርኩትም። እናቴ ባሏን ቀብራ በመጣች በአራተኛው ቀን ስለ ጉንፋን ቫይረስ ስታስተምራት የነበረች ልጅ አድርገውኛል። በአባቴ ሞት ሰፈሩ፣ ዕድሩ፣ አሜሪካ ያለ ተማሪ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከማሽን ብስኩት እገዛ ነበር። ምክንያታቸውን አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን ለሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሳላደርግ አልቀርም። ማወቄ ግን ንዴቱን አላበረደውም። አንድ ሌሊት ማስታወሻዬ ላይ ያውቁ የነበሩትን ሰዎች መዘርዘር ጀመርኩ። ገጹ ሲሞላ መጨረሻው ላይ «እግዚአብሔር» ብዬ ጻፍኩ። ያውቅ ነበር። ያንን አራት ገጽ ስጽፍ ከጎኔ ነበር፣ እኔ ነኝ እንደዚያ ብዬ የጻፍኩት። አይቶ ዝም አለኝ።

ጥር ላይ የፈተናው ወረቀት ተመለሰልኝ። ኤ ማይነስ። ፕሮፌሰሩ አራቱን ገጽ በሙሉ ያለ እርማት አልፎ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀይ አስምሮበታል፤ ከጉዳት የሚጠብቅ ፍቅር ነው ባልኩት ላይ። ጎኑ ላይ «ሩት ውስጥ የት ጋ?» ብሎ ጠይቋል። ስለ አባቴ አያውቅም፤ ማስተማሩ ነው።

እውነትም የት ጋ? ሩትን መልሼ አነበብኩ፣ በዚህኛው ጊዜ ለፈተና ሳይሆን። አራት ምዕራፍ ብቻ ናት። ገና በመጀመሪያዎቹ አምስት ቁጥሮች ውስጥ ረሃብ አለ፣ ስደት አለ፣ ሦስት ሰው ይሞታል። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን በባዕድ አገር ቀብራ ባዶ እጇን ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ ሴቶቹ በስሟ ቢጠሯት አይሆንም፣ ማራ በሉኝ፣ ሕይወቴን ያመረረው እግዚአብሔር ነው አለች። በግልጽ፣ በከተማው ሕዝብ ፊት ከሰሰችው። እኔ በጣም የገረመኝ ማንም አለመቆጣቷ ነው... አልተቆጧትም፤ እግዚአብሔርም አልገሠጻትም። በመጽሐፉ ሁሉ እግዚአብሔር አንድም ጊዜ ሲናገር አይሰማም። ባሕር አይከፈልም፣ መልአክ አይመጣም። ሔሴድ የሚለው ቃል ግን ሦስት ጊዜ ይገኛል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰዎች ለሰዎች ከሚያደርጉት ነገር ጋር ተያይዞ። ከአማቷ አልለይም ያለች ባዕድ ሴት አለች። በነጠላዋ ተቋጥሮ ወደ ቤት የመጣ ስድስት መስፈሪያ ገብስ አለ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና ገብስ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ የሚከፋችሁ ካላችሁ ይቅርታ። በዚያ ወር ብዙ ሰው «ለበጎ ነው» ብሎኛል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ለሚሉኝ አሜን እላለሁ፤ ቃሉ ከጎኔ ይቀመጣል። «ለበጎ ነው» ግን ከላይ ሆኖ ነው የሚያወራው። የአባቴ መውደቅ ለምን በጎ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም፤ ቅዱሳት መጻሕፍቱም ቢሆኑ ለኑኃሚን እንዲህ አላሏትም።

ይልቅ የያዘኝ የአልዓዛር ታሪክ ነው፣ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11። ስንሰማው ያደግነው ስለ ትንሣኤው ነው፤ መጀመሪያውን ቸኩለን እናልፈዋለን። ወንጌሉ ኢየሱስ ማርታን፣ እኅቷንና አልዓዛርን ይወድ እንደነበር ይነግረንና ወዲያው ቀጥሎ መታመሙን በሰማ ጊዜ ባለበት ሁለት ቀን ቆየ ይላል። ይወዳቸዋል፣ ቆየም። ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ሁለቱ እኅቶች በየተራ መጥተው ያሉት አንድ ነው፤ አንተ ኖረህ ቢሆን ወንድማችን ባልሞተ የሚል ወቀሳ። እሱም ራሱን አልተከላከለም። የዘገየበትን ምክንያት ለማርያም አላስረዳትም። ስታለቅስ አይቶ አብሯት አለቀሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ይህንን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። የሚያውቅ ሰው ለምን ያለቅሳል?

ያን ጊዜ ነው ጓደኛዬን የጠየቅኳት። ቁጣዬ በርዶ ነበር። «ያን ማክሰኞ ማታ ሔሴድ የሚለው ካርድ ሲወጣ መታጠቢያ ክፍል ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት። «ውኃ ከፍቼ አለቅስ ነበራ» አለችኝ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቅኳት ሁሉ። «ከዚያ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ። ፈተናሽን መውደቅ የለብሽም፤ ስኮላርሺፕሽ ይሄድ ነበር።» የራሷ ፈተና ረቡዕ ጠዋት እንደነበር ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እኔን ስታስጠና አላጠናችም።

መደበቃቸው ትክክል ነበር አልላችሁም። ዛሬም ወንድሜን ብትጠይቁት የምንስማማበት ጉዳይ አይደለም፤ እኔ ብጠየቅ ንገሩኝ እል ነበር። ነገር ግን እግዚአብሔር ከጎኔ ሆኖ ዝም አለኝ ብዬ የጻፍኩትን ማስታወሻ አውጥቼ ሳየው ከጎኔ የነበረውንና ዝም ያለውን ሰው አንድ በአንድ አሰብኩ። ካርድ የያዘች አለች። ስንዴ የሚቀቅል አለ። ጨለማ ውስጥ መንገድ የሚነዳ አለ። ያ ሌሊት ባዶ ነው ብዬ ነበር የከሰስኩት፤ ሠላሳ አራት ሰው ነበረበት። እግዚአብሔር ራሱ እንዴት ዝም ይላል የሚለው ጥያቄዬ በዚህ ተመለሰ አልልም። ኑኃሚንም ቢሆን ገብሱ ሲመጣላት የሞቱባት አልተመለሱላትም። ገብሱ ግን መጣ፤ የላከውም ማን እንደሆነ አወቀች።

ለአርባው አልሄድኩም። የተማሪ ቪዛዬ ጊዜው አልፎ ስለነበር ከወጣሁ በኋላ መመለሴ እርግጠኛ አልነበረም፤ እማዬም «አባትሽ ትምህርትሽን ነው የሚፈልገው» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ብዙዎቻችሁ ይህንን ታውቁታላችሁ። በምትኩ አንድ ነገር ጀመርን። አባዬ ዳዊቱን የሚደግምበት ሰዓት ቅዳሜ ማለዳ ደብረ ብርሃን፣ እዚህ ገና ዓርብ ማታ ነው። እማዬ የእሱን መጽሐፍ ትከፍታለች፤ ቅጠሉ ላይ የሻማ ጠብታ ያለበት። እኔ ስልኬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ እቀመጣለሁ። ጓደኛዬም ቤት ካለች ትመጣለች፤ ለእሷ 136 ነው፣ ለእኛ 135፤ ይህንንም እንከራከርበታለን።

የግብፅ በኩር ልጆች ጋ ስንደርስ አሁንም ቆም እላለሁ። ምልክቷን አላጠፋኋትም።

ኔትወርኩ ስለሚዘገይ የእኔ መልስ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እማዬ ጠብቃኝ ነበር የምትቀጥለው፤ ኋላ ግን እሷም እንደ አባዬ መፍጠን ጀመረች። ባለፈው ዓርብ ስለ ሴዎን የመለስኩት ቤታቸው የደረሰው እሷ ዐግ ላይ ስትሆን ነበር። ከወዲያ ማዶ ወንድሜ ሲስቅ ሰማሁት። እማዬ አላቆመችም።